አደጋ ሆይ፣ ሠርተፍኬታችንን አይተህ ተመለስ

አደጋ ሥነ ሥርዓት አክብሮ የሚገባበት አንድ ቦታ ቢኖር የሥራ ቀጣይነትና የአደጋ ማገገሚያ ሥልጠና የሚሰጥበት አዳራሽ ነው። እዚያ እሳቱ የሚነሣው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነው። ጎርፉ ከምሳ በፊት ይጎድላል። የኮምፒውተር ጥቃቱም አሠልጣኙ ቀጣዩን ስላይድ እስኪከፍት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ነገር አገግሞ የቡድን ፎቶግራፍ ይነሣል። እንዲህ ያለ ጨዋ አደጋ ያየ ሰው ውጭ ያለውን ባለጌ አደጋ ለምን ይፈራል?

ስለዚህ ሠራተኛ ልከው፣ ሠርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ጉዳዩን ዳግመኛ ላላነሡ ድርጅቶች ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። አንዳንድ ነገረኞች «የሠለጠነው ሰው ተመልሶ ምን ሠራ?» ይላሉ። ምን ይሥራ? ሠልጥኗል እኮ!

በተለይ የማደንቀው ሠልጣኝ የሚመርጡበትን ጥበብ ነው። የድርጅቱን መረጃ የያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሲወድቅ የሚያስነሣው ባለሙያ ሥራ ስለሚበዛበት አይላክም። የሕንጻውን ቁልፎች የያዘው ኃላፊም አይላክም፤ ማን በሩን ይክፈት? የሚላከው በዚያ ሳምንት እጁ ላይ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ የሥራ ቀጣይነት ከየት ይመጣል? ሥልጠናው ሥራውን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላቋረጠውም።

ሠልጣኙም ባዶ እጁን አይመለስም። አይኤስኦ 22301 የተባለው ዓለም አቀፍ የሥራ ቀጣይነት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 እንደተሻሻለ ያውቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ቁጥሮች መቆረጥ እንዳለባቸውም ተምሯል፦ ሥራው ቢቋረጥ በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት? የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል? በደንቡ መሠረት መልሱ የሚገኘው ከክፍል ክፍል እየዞሩ «ይህ ሥራ ቢቆም ማን ይጎዳል? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። አድካሚ ነገር! የእኛ ሊቃውንት ግን አቋራጩን ደርሰውበታል። በሥልጠናው ምሳሌ ላይ «4 ሰዓት» የሚል ካለ ለደመወዝ ክፍያ 4 ሰዓት፣ ለደንበኞች ስልክ 4 ሰዓት፣ አቧራ ለጠጣው መዝገብ ቤትም 4 ሰዓት ይጻፋል። እኩልነት ማለት ይህ ነው። የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ሰርቨሩ መመለስ ብቻውን ሁለት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቀው ያ ሥራ የበዛበት ባለሙያ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ የዕቅዱ ጥራዝ ይታተማል። በአባሪው ላይ በአደጋ ጊዜ የሚደወልላቸው ሰዎች ዝርዝር አለ፤ ከእነርሱም መካከል ሥራ የለቀቁ፣ ስልክ የቀየሩና በሕይወት የሌሉ ይገኙበታል። የዕቅዱ ዋና ቅጂም እንዳይጠፋ ተብሎ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ በሚጠፋው ሰርቨር ላይ በክብር ይቀመጣል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂማ ባንናገር ይሻላል፤ እምነት የሚፈተንበት ቦታ ነውና። «ቅጂ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አለ» ይባላል። «ተመልሶ ሲሠራ ታይቷል?» ብሎ መቀጠል ግን ነውር ነው፤ ባልደረባን መጠርጠር ይሆናል። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ባለሙያ በስሕተት የተሳሳተውን የመረጃ ቋት ሲሰርዝ፣ ኩባንያው መረጃውን ለመጠበቅ ዘርግቷቸው ከነበሩት አምስት ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልተገኘም። የየዕለቱ ቅጂ ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚያስታውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ውድቅ እየተደረገ ነበር። ምንኛ ያማረ ሰላም ነው! ያተረፋቸው ባለሙያው ራሱ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። ኩባንያው ግን አንድ አሳፋሪ ነገር አደረገ፤ ጉዱን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጠው። ይህን በእኛ ሥልጠና አላስተማርንም።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት እምነት ደግሞ ከዚህም ይልቃል። በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት የመረጃ ማከማቻ ማዕከል (ዳታ ሴንተር) ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያከማቹበት 858 ቴራባይት መረጃ አብሮ ነደደ። መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ትንሹን መረጃ ገልብጦ ትልቁን ለዕድል መተው ድፍረት ይጠይቃል።

ዕድል ደግሞ ያለ ሠርተፍኬት የሚሠራ ባለሙያ ነው። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የማርስክን የመርከብ ኩባንያ ሲያወድም፣ የሠራተኞቹን የመግቢያ ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ተጠርገው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ውስጥ ያለው። የተረፈውም በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ስለነበር ነው። እስከማውቀው ድረስ የመብራት መጥፋትን በአዳኝነት የመዘገበ የሥልጠና መመሪያ የለም፤ በሚቀጥለው ዙር ቢታከል መልካም ነው።

አስቸጋሪ ሰዎችም አይጠፉም። በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ውስጥ ይሠራ የነበረው የገንዘብ ኩባንያ የሞርጋን ስታንሊ የደህንነት ኃላፊ የነበረው ሪክ ሬስኮርላ አንዱ ነው። በማዕከሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ ደመወዛቸው የከበደ የገንዘብ ነጋዴዎችን ከስልክ ላይ እያስነሣ፣ ሁለት ሁለት አሰልፎ በደረጃ ያስወርድ ነበር። እነርሱም ያጉረመርሙ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጎረቤት ሕንጻው ሲመታ «በያላችሁበት ቆዩ» የሚል ማስታወቂያ ተላለፈ። እሱ ግን አልሰማም፤ የለመዱትን ደረጃ አስያዛቸው። ከ2,700 ገደማ ሠራተኞች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ወጡ። እሱ ወደ ኋላ የቀሩትን ሊያወጣ ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ ሕንጻው ተደረመሰ። በእሱ አልቀልድም።

በእኛዎቹ ግን እቀልዳለሁ። የመውጫ ልምምድ የሚያደርጉት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚወርዱበትን ደረጃ ከሳምንት በፊት በደብዳቤ አሳውቀው ነው። የሥራ አመራር አባላት ስብሰባ ስላለባቸው ከልምምዱ ነፃ ናቸው፤ እሳቱም ይህን የሚያከብር ይመስላቸዋል። የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምዱማ ከዚህም የረቀቀ ነው፦ «ዳታ ሴንተሩ ተቃጥሏል እንበል» ይላል አወያዩ፤ «ዋናው ሲጠፋ ሥራው ወደሚዛወርበት ተለዋጭ ጣቢያ እንዞራለን» ይላል ተሳታፊው፤ ተለዋጩ ጣቢያ መኖሩን የሚጠይቅ የለም፤ ጭብጨባ ይከተላል።

እርግጥ አንዳንዴ ባለጌው አደጋ ሠርተፍኬቱን ሳያነብ ይገባል። ያኔ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ለወራት መርምሮ የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፦ ለሠራተኞች ተጨማሪ ሥልጠና ይሰጥ። የሚላከው ሰው ተመርጧል፤ በዚህ ሳምንትም እጁ ላይ ሥራ የለም፤ ሰርቨሩ ገና አልተነሣምና።