«ታሰረች» አትበሉ፤ ማን አሰራት?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ በተካሄደ የአካባቢ ጥበቃ ውይይት አንድ ኃላፊ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «የጦጣና የዝንጀሮ ደኅንነት የጠገበ አገር ወሬ ነው፤ ዝንጀሮም መጀመሪያ የመቀመጫዬን ብላለች» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳና ጉሬዛ አያያዝ የተጻፈ የምርምር መጽሐፍ ሳርም ሁለት ዓመት ከርሜያለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ተከትሎ የመጣው ነው። አንዲት ተሳታፊ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ስለሚታሰሩ ጦጣዎች ስትጠይቅ፣ ኃላፊው «ታስራም ትዘላለች፤ ምግቧንም ታገኛለች፤ ምን ጎደላት?» ሲሉ መለሱላት።

ትዘላለች! ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር እንዲህ «የምትዘል» አንዲት ጦጣ አውቃለሁ። የወገቧ ገመድ ፀጉሯን ልጦ ቆዳዋን አስጥቶታል። ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ግንዱን በእጇ ትነካለች፣ ትዞራለች፣ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ። ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ አላቋረጠችም። የምትመላለስበት አፈር ቦይ ሆኗል። ልጆች ሙዝ ሲወረውሩላት እንኳን ሙዙን በእጇ እንደያዘች መመላለሷን ቀጠለች። ኃላፊው «ትዘላለች» ያሉት ይህንን ነው። የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ያለ ዓላማ የሚደጋገም እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ሲያዩ ስለ ጭንቀት ያስባሉ።

«ምግቧን ካገኘች» የሚለው ሙግት ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሞተ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ሃርሎ ሪሰስ የሚባሉትን ጦጣዎች ግልገሎች ከእናቶቻቸው ነጥሎ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች አቆመላቸው፤ አንዷ ወተት ያላት የሽቦ፣ ሌላዋ ወተት የሌላት የጨርቅ። ግልገሎቹ ከሽቦዋ ይጠቡና ተመልሰው ጨርቋን ያቅፉ ነበር። ሙከራው ራሱ ጭካኔ ነው። ሆኖም ሆድ ስለሞላ ብቻ ኑሮ እንደማይሞላ ለዓለም አሳይቷል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1985 ሕጓን ስታሻሽል በምርምር ቤት ያሉ ጦጣዎች የአእምሮ ጤንነት እንዲታሰብበት አስገድዳለች።

ከአርትዖቱ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ስለ ግሥ ነው። ረቂቁ እጄ ሲገባ ከዳር እስከ ዳር «ተያዘ፣ ተገለለ፣ ታሰረ፣ ተወገደ» ይል ነበር። ማን ያዘ? ማን አገለለ? «ሁለት ጦጣዎች ተወገዱ» በሚል ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ አስምሬ ኅዳጉ ላይ «ማን? እንዴት?» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው «የሳይንስ አጻጻፍ ነው» አሉኝ። ይህ መደበቂያ እንጂ ሳይንስ አይደለም። «ተ» የምትባል አንዲት ፊደል ግሥ ላይ ስትለጠፍ ገዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታ በሰላም ወደ ቤቱ ትሸኘዋለች። ሦስት ጊዜ ተመላልሰንበት «ሁለት ጦጣዎችን በመርፌ ገደልን» ሆነ። በዚያው ሳምንት ጸሐፊው መግደል ለምን እንዳስፈለጋቸው የሚያስረዳ ሙሉ አንቀጽ ጨመሩ። እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ «ገደልን» የሚለው ቃል ጠየቃቸው። የኃላፊውም «ታስራ» ከዚያው ጎራ ናት። ማን እንዳሰራት ቢናገሩ ኖሮ አዳራሹ ውስጥ አንገቱን የሚደፋ ሰው አይጠፋም ነበር።

«ደኅንነት» በሚለው ቃልም ተጣልተናል። አንድ ምዕራፍ «የእንስሳቱ ደኅንነት አስተማማኝ ነው» ካለ በኋላ በማስረጃነት ያቀረበው የበሩን ቁልፍና የአጥሩን ቁመት ነበር። በዚህ አቆጣጠር ከእስረኛ የበለጠ ደኅንነት ያለው ማን ነው? እኛ ወሎዬዎች ስንገናኝ «ደኅና ናችሁ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቶቹስ?» የምንባባለው የበረቱን መቀርቀሪያ ለማጣራት አይደለም። በልተዋል ወይ፣ ጠጥተዋል ወይ፣ የታመመ የለም ወይ ማለታችን ነው። ይህ ጥያቄ ከየትኛው የጠገበ አገር መጣ? የ1977ን ረሃብ ያየ የወሎ ገበሬ ጎተራው ባዶ ሆኖም ስለ በሬው ይጨነቅ ነበር። የወሎን ችግር የጦጣ ማሰሪያ ገመድ አታድርጉት!

ደጋ ላይ ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት ገበሬ ምሬቱ እውነት ነው፤ እርዳታም ይገባዋል። ምግብ ቤት ደጃፍ የታሰረችው ጦጣ ግን የማንን ማሳ በላች?

ተረቱም ቢሆን ኃላፊውን አያግዛቸውም። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘውን ጭላዳ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ ያየ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ፣ ሣሩ ሲያልቅበት ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቅቆ ወደሚቀጥለው ሲሄድ አይቷል። መቀመጫ ለእሱ ኑሮው ነው። ዝንጀሮዋም በተረቱ ያለችው «ከሁሉ በፊት ማረፊያዬን» ነው። ኃላፊው በገዛ አፋቸው የጦጣዋን አቤቱታ አነበቡላት።

ትናንት በሐርቡ መንገድ ተመልሼ አለፍኩ። ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ገመዱን በሽቦ ቀይሮታል።