ክብር ለሰንጠረዡ ግርጌ

ሌላው ሰው ሥራውን ካበላሸ ይባረራል። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ግን ሥራው ሲበላሽበት «መልሶ ግንባታ ላይ ነን» ይልና ደጋፊው ያጨበጭብለታል። ይህን ጥበብ ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ስለዚህ የዛሬው ምስጋናዬ ለእነዚህ ታላላቅ ግንበኞች፣ ይልቁንም ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር «እሰይ፣ ዕቅዱ እየሠራ ነው» ለሚለው ታጋሽ ደጋፊ ይሁንልኝ።

መጀመሪያ የሥራውን ክብደት እንረዳ። ኤንኤችኤል በሚባለው በዚህ ሊግ 32 ክለቦች አሉ፤ 16ቱ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ዋንጫው ወደሚለይበት የመጨረሻ ዙር፣ ያልፋሉ። ግማሹ ማለት ነው። እንዲህ በሰፋ በር ሳይገቡ መቅረት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በፋሎ ሴበርስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2011-12 እስከ 2024-25 ድረስ 14 የውድድር ዘመን በተከታታይ ከበሩ መልስ ብሏል፤ በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል የጸና ክለብ የለም። እንዲህ ያለ ጽናት በአጋጣሚ አይገኝም። ዕቅድ ይፈልጋል፤ ዕቅዱን እየተቀባበሉ ከዜሮ የሚጀምሩ አራት ሥራ አስኪያጆችም ይፈልጋል።

ዕቅዱ ራሱ ሕፃን ልጅ ይገባዋል። ሊጉ በየዓመቱ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ለክለቦች ያከፋፍላል፤ ድራፍት ይሉታል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለደካማው ነው። እንግዲህ የነገውን ኮከብ ለማግኘት የዛሬውን ቡድን መበተን ነዋ! ጥሩ ተጫዋች ካለህ ሸኘውና በምትኩ የከርሞ ድራፍት የመምረጥ ተራ ተቀበል። ከርሞ ሲደርስ ያንንም በሌላ ከርሞ ለውጠው። ሌላው ሕዝብ «ላም አለኝ በሰማይ» ሲል ወተቷን አላየሁም ብሎ እያማረረ ነው። የሆኪ ደጋፊ ግን የሰማይዋ ላም ቁመትና ክብደቷ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው የወጣቶች ሊግ ስንት ግብ እንዳገባች፣ ስንተኛ ላይ እንደምትመረጥ በቃሉ ይወርድልሃል። ወተቱን አንሥተህ ብትጠይቀው «አንተ ትዕግሥት የለህም» ትባላለህ።

የዚህ ጥበብ ታላቁ በዓል ማርች 26 ቀን 2015 በበፋሎ ተከብሯል። በዚያ ዓመት የሚጠበቀው ልጅ ኮነር ማክዴቪድ ነበር፤ እንደሱ ያለ በአንድ ትውልድ አንዴ ነው የሚመጣው ይባል ነበር፣ እውነትም ሆነ። በፋሎ መጨረሻ ለመውጣት የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል። ግብ ጠባቂዎቹ ዮናስ ኤንሮትና ሚካል ኑቪርት ፓክ (የሆኪውን «ኳስ») የማዳን መጥፎ ልማድ ነበረባቸው፤ አንዱ በፌብሩዋሪ ወደ ዳላስ፣ ሌላው በማርች መጀመሪያ ወደ ኒውዮርክ አይላንደርስ ተሸኙና ሰላም ወረደ። ችግሩ አሪዞና ነው። አሪዞናም ለመጨረሻነት የሚጋደል ብርቱ ክለብ ነበርና ሁለቱ በዚያ ምሽት በበፋሎ አዳራሽ ፊት ለፊት ተገናኙ። መደበኛው ሰዓት 3 ለ 3 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት የአሪዞናው ሳም ጋኜ አገባ። የሴበርስን ማሊያ የለበሰው፣ ትኬት ገዝቶ የገባው የባለሜዳው ደጋፊ በደስታ ጮኸ። ለባላጋራው ግብ! ከጨዋታው በኋላ አንዳንድ የበፋሎ ተጫዋቾች ቅሬታቸውን አልደበቁም። ምን ይደረግ፣ ተጫዋች ዕቅድ አይገባውም። የበረዶ ጫማውን ካሠረ ማሸነፍ ነው የሚያምረው።

በፋሎ በ82 ጨዋታ 54 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ የተመኘውን ግርጌ ያዘ። አንደኛውን ልጅ ማን እንደሚመርጥ ግን በዕጣ ነው የሚለየው፤ ዕጣው ሲወጣ ማክዴቪድ ለኤድመንተን ደረሰው። ለነገሩ መጨረሻ የወጣ ክለብ በዚያ ዓመት አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 20 በመቶ ብቻ ነበር፤ ማለትም አንድ ከተማ ሙሉ ክረምቱን ሲሸነፍ የከረመው 80 በመቶ ለሚሆን ሐዘን ነው። ይህን አስቀድሞ እያወቁ መጨከን ተራ ሰው የሚችለው አይደለም።

ኤድመንተን ኦይለርስም ቢሆን ያንን ልጅ በነጻ አላገኘውም። በ2010 ቴይለር ሆልን፣ በ2011 ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ በ2012 ናይል ያኩፖቭን፣ ሦስቱንም በአንደኛ ምርጫ ወስዶ ሦስቱንም ይዞ ሲሸነፍ የኖረ ክለብ ነው። ከ2006-07 ጀምሮ አሥር የውድድር ዘመን ፕሌይኦፍ አላየም። ሦስት አንደኛ ምርጫ ይዞ ቡድን አለመሥራት ችሎታ ይጠይቃል። ችሎታው የቱ ላይ እንደሆነ ለማየት 2012ን ብቻ መመልከት ይበቃል። ያኩፖቭ አንደኛ በተጠራበት ድራፍት 19ኛ ላይ አንድሬ ቫሲሌቭስኪ የሚባል ግብ ጠባቂ ነበር፤ ታምፓ ቤይ ወሰደውና በ2020 እና በ2021 ዋንጫ በላበት። 130ኛ ላይ ደግሞ ኮነር ሄለቡክ የሚባል ሌላ ግብ ጠባቂ ነበር፤ በ2025 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ያኩፖቭ በ2016 ከኤድመንተን ሲለቅ ምን እንደተገኘበት ባልናገር ይሻላል። በዚያው ዓመት ሆል በአንድ ተከላካይ፣ በአዳም ላርሰን፣ አንድ ለአንድ ተለወጠ፤ ኒው ጀርሲ ገብቶ በ2018 እሱም የሊጉ ምርጥ ተባለ። መጨረሻ መውጣት ልጁን ያመጣልሃል እንጂ ከመጣ በኋላ ምን እንደምታደርገው አይነግርህም። ግን ይህ ዝርዝር ነገር ነው፤ ዕቅድ ያለው ሰው በዝርዝር አይጠመድም።

ሊጉ ግን ለእነዚህ ጀግኖች ውለታ ቢስ ነው። መጨረሻ የወጣ ሁሉ አንደኛውን ልጅ በቀጥታ እንዳይወስድ ገና በ1995 ሎተሪ አመጣ። አልበቃውም፤ አሁን ደግሞ አንድ ክለብ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ዕጣ አያሸንፍም የሚል ደንብ አለው። ትጉህ ሠራተኛ ላይ ገደብ ተጥሎ ያየ አለ? ዲትሮይትን አስቡት። የ2019-20 ውድድር በወረርሽኙ ሲቋረጥ ከ71 ጨዋታ 17 ብቻ አሸንፎ 39 ነጥብ ላይ ነበር። እንዲህ የጠራ መጨረሻነት በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚታየው፤ ሎተሪው ግን አራተኛ ላይ ጣለው። ኮሎራዶም በ2016-17 በ48 ነጥብ ከሁሉ በታች ወድቆ ያው አራተኛ ደረሰው። የተረፈውን ልጅ ወሰደ፤ ኬል ማካር ይባላል። በ2022 ኮሎራዶ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሲያነሣ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር። ዕጣ የከዳው ክለብ በዓይኑ መርጦ መዳኑ ለዕቅዱ ደጋፊዎች ደስ አይልምና ቶሎ እንለፈው።

አሪዞናን ግን ቶሎ ማለፍ ግፍ ነው። ሊጉ ለተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለው፤ ምንም ያህል ብትቆጥብ ከወለሉ በታች መውረድ አትችልም። ሌላው ክለብ ወለሉን በተጫዋች ይሞላል፤ አሪዞና በትዝታ ሞላው። በ2015 የክሪስ ፕሮንገርን ውል ተረከበ። ሰውየው ከ2011 ወዲህ አልተጫወተም፤ እንዲያውም በሊጉ የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍል ተቀጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሆኪ ታላላቆች ወደሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ሲገባ በአሪዞና መዝገብ ገና ተጫዋች ነው። በ2016 የፓቬል ዳትሱክ ውል መጣ፤ ዳትሱክ ራሱ ሩሲያ ሄዷል። በ2018 የማሪያን ሆሳ ተከተለ፤ ሆሳ በቆዳ ሕመም ምክንያት መጫወት አቁሟል። ሦስቱን በአንድ መስመር ቢያሰልፏቸው ማን ይችላቸው ነበር! ሦስቱም ለአሪዞና አንዲት ደቂቃ በረዶ ላይ አልወጡም፤ ሒሳብ ሹሙ ግን እንደነሱ ያለ ኮከብ አላየም። ክለቡ በመጨረሻ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ አዳራሽ ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ በ2024 ተጫዋቾቹ ተጠቅልለው ሶልት ሌክ ሲቲ ገቡ። መልሶ ግንባታው የተሳካ ነበር፤ ሌላ ከተማ ላይ መሆኑ ነው እንጂ።

እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ይነሣና «ፒትስበርግስ?» ይላል። ልክ ነው፣ ፒትስበርግ በ1983-84 በ38 ነጥብ መጨረሻ ወጥቶ ማሪዮ ለሚዩን አግኝቷል። ለሚዩ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ በመጀመሪያ ምቱ ግብ አገባ። ከዚያስ? ከዚያ ክለቡ አራት ዓመት ሙሉ ፕሌይኦፍ አልገባም። ዋንጫው የመጣው በ1991 ነው፤ የመጣውም በዙሪያው እነ ሮን ፍራንሲስን፣ እነ ጆ መለንን ከየክለቡ ከለቀመ በኋላ። ግብ ጠባቂውን ቶም ባራሶን ያገኘው ከማን መሰላችሁ? ከበፋሎ። የበፋሎ ልግስና ያኔ ጀምሮ ነው።

ይህ ልግስና ራሱን የቻለ ሽልማት ይገባዋል። ራያን ኦራይሊ በ2018 ክለቡ እንደገና መጨረሻ ሲወጣ፣ በመሸነፍ ብዛት ለጨዋታው ያለው ፍቅር በየጊዜው ይጠፋበት እንደነበር ተናገረ። እንዲህ የቤት ምሥጢር የሚያወጣ ሰው ይሸኛል እንጂ ምን ይደረጋል? ሴንት ሉዊስ ሄደ። ሴንት ሉዊስ በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ከሊጉ መጨረሻ ነበር፤ እንደ ሥርዓቱ ተጫዋቾቹን ሸጦ ዕጣ መጠበቅ ሲገባው፣ በኖቬምበር በተተካው አሰልጣኝ እየተመራ መጫወት ጀመረ። በጁን ዋንጫውን አነሣ፤ የፕሌይኦፉ ምርጥም ኦራይሊ ሆነ። ነውር አያውቁም። ጃክ አይክል፣ ያ በማክዴቪድ ምትክ የተገኘው ልጅ፣ አንገቱን በምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይታከም በሚል ከክለቡ ጋር ተካሮ በ2021 ወደ ቬጋስ ተላከ። ቬጋስ በ2017 መጫወት የጀመረ፣ ለመልሶ ግንባታ እንኳ የሚፈርስ ነገር ያልነበረው ክለብ ነው፤ በ2023 ዋንጫ ወሰደ። ሳም ራይንሃርትም በዚያው 2021 ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በ2024 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ዋንጫውን የወሰነችውን ግብ ያገባው እሱ ነው፤ የተሸነፈው ደግሞ የማክዴቪድ ኤድመንተን። የበፋሎ ሰው በ2015 ያን ያህል እልል ያለለት ዕቅድ ፍሬ አላፈራም የሚል ካለ ይህን ይመልከት። አፍርቷል፤ የበላው ጎረቤት ነው።

ስለ ፍሎሪዳ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕቅድን የሚያዋርድ ክለብ ነውና። እርግጥ አሌክሳንደር ባርኮቭንና አሮን ኤክብላድን በከፍተኛ ምርጫ አግኝቷል። ነገር ግን ተከላካዩን ጉስታቭ ፎርስሊንግን በ2021 ካሮላይና «የፈለገ ይውሰደው» ብሎ ሲለቀው በነጻ አነሣው። ካርተር ቨርሄጊን ታምፓ ውል ሳያቀርብለት ሲያሰናብተው ጠራው። ሌሎች የጣሉትን እየለቃቀመ በ2024 ዋንጫ ወሰደ፤ በ2025 ያንኑ ኤድመንተን በስድስት ጨዋታ አሸንፎ ደገመው። የተጣለ ተጫዋች ውስጥ ምን እንዳለ ቁጭ ብሎ ማየት አድካሚ ሥራ ነው፤ ደጋፊውም በሎተሪው ሌሊት የሚጮኽበት ነገር ያጣል።

ስለዚህ አዲስ ለሚሾም ሥራ አስኪያጅ የምመክረው የተፈተነውን መንገድ ነው። በመጀመሪያው መግለጫህ አምስት ዓመት ጠይቅ፤ ውልህ የአራት ዓመት ይሁን። የኒውዮርክ ሬንጀርስ አለቆች በ2018 እንዳደረጉት ለደጋፊው ደብዳቤ ጻፍ፤ የምትወዷቸው ሰዎች ሊሄዱ ይችላሉ በል፤ ሕዝቡ እውነቱን ነገረን ብሎ ይወድሃል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጆቹ ገና ናቸው በል። ሦስተኛው ላይ አሰልጣኙን አባር። አራተኛው ላይ ያ አንደኛ የመረጥከው ልጅ አድጎ «ማሸነፍ እፈልጋለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ በሽታው ሳይዛመት ሸኘውና በምትኩ የከርሞ ምርጫ ተቀበል። ደጋፊው ምን ይለኛል ብለህ አትጨነቅ። እሱ የከርሞው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ እያጣራ ነው።