ኦርጋኒክ ማለት ድኝ አልነካውም ማለት አይደለም
«ኦርጋኒክ ወይን ሰልፋይት የለበትም» የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው፤ ሰልፋይት ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር፣ ከድኝ የሚገኝ ውሕድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጣው ደንብ ስኳር የሌለው ቀይ ኦርጋኒክ ወይን በሊትር እስከ 100፣ ነጩ እስከ 150 ሚሊግራም ሰልፋይት ሊኖረው ይችላል። ሰልፋይት መጨመር የተከለከለው አሜሪካ ውስጥ «ኦርጋኒክ ወይን» ተብሎ በሚሸጠው ላይ ነው። እርሻው ላይም ድኝና መዳብ ይረጫል። «ዝዋይ ላይ ትንንሽ ኦርጋኒክ ወይን ጠማቂዎች ቢበዙስ?» ለሚሉ ደግሞ፦ ይቻላል፣ ግን እዚያ ቅጠል አራግፎ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ዑደቱን የሚወስነው መግረዙ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የሚመስለው ሻጋታም ዓመቱን ሙሉ ማረፊያ አያጣም። ድኝ ሲረጭ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ቅጠሉን ስለሚያቃጥል በማለዳ ካልሆነ አይሞከርም። ትልቁ ጣጣ ግን ወይኑ የሚጠመቅበት ጓዳ ውስጥ ነው። በሙቀት የበሰለ ፍሬ አሲዱ ይወርዳል፤ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) 3.4 ሲሆን በሊትር 20 ሚሊግራም ነጻ (ከሌላ ነገር ጋር ያልተጣመረ) ሰልፋይት የሚበቃው ወይን 3.8 ሲደርስ 50 ገደማ ይፈልጋል። ይህን ሳይለኩ በርሜሉን ጎደሎ ከተዉት ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ገብቶ የፈረስ በረት ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። የወረደውን አሲድ ለመተካት ጭማቂው መፍላት ሳይጀምር ታርታሪክ አሲድ መጨመር ይሻላል፤ ለኦርጋኒክም የተፈቀደ ነው።