እንተኛላቸው!

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ሐበሻ ሁሉ ይቺን ግብዣ ያውቃታል። ፖስተሩ ላይ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ ሕፃን አለ፣ ስም የለውም። ከሥሩ «ለዳርፉር ሕፃናት አንድ ሌሊት ውጭ እንደር» ይላል፣ ጦርነት ላመሳት ለምዕራብ ሱዳኗ ዳርፉር። መግቢያው ቲሸርት ነው። ቲሸርቱ ይሸጣል።

እኔ በበኩሌ አድንቄ አልጠግብም። ለተራበ ልጅ እህል መላክ፣ መድኃኒት መላክ ማንም የሚያደርገው ተራ ነገር ነው። መተኛት ግን! ተኝቶ ነፍስ ማዳን እንደሚቻል እኛ ስንት ዓመት ሳናውቅ ኖርን።

የዘንድሮውን ፕሮግራም የላከችልኝ የጓደኛዬ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይምጡ፣ በጣም ደስ ይላል» ትላለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የድንኳን ተከላ ውድድር፣ ለአሸናፊው ሽልማት አለ። ሁለት ሰዓት ላይ ፒዛ፣ ግሉተን የማይስማማችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ። ሦስት ሰዓት ላይ ዲጄ። ከዲጄው ቀጥሎ የጽሞና ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ፣ ከጽሞናው ቀጥሎ ትኩስ ቸኮሌት። ስሜቱ ለተረበሸ ተፈናቃይ በሰማያዊው ድንኳን አማካሪ ባለሙያ ይገኛል። ጥበቃዎች ሌሊቱን ሙሉ ይዞራሉ። ዝናብ ከጣለ መፈናቀሉ ወደ ጂም ይዛወራል። ይቺን የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኳት። መፈናቀሉ ወደ ጂም ይዛወራል! ማሞቂያ አለው፣ ሻወር አለው። አንድ አባት ልጃቸውን ብርድ እንዳይመታት ብለው የሚነፋ ፍራሽ፣ ፍራሹን የሚነፋ ማሽን፣ ለማሽኑ ባትሪ፣ ለባትሪው ቻርጀር ገዝተው፣ ይሄን ሁሉ በሁለት ዙር ከመኪና ሲያወርዱ አይቻለሁ፣ እሷ ደግሞ በስልኳ እየቀረጸች «አባ፣ ካሜራው ውስጥ አይግቡብኝ፣ ስደተኛ አይመስልም» ትላቸዋለች። ታናሽ ወንድሟም አብሮ መጥቷል። ሃይስኩል ነው፣ ለመመረቅ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰዓት ማሟላት አለበት። እያንኮራፋ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። ጠዋት ፓንኬክ አለ፣ ከፓንኬኩ በኋላ ሰርተፍኬት። ሲቪ ላይ ትገባለች፤ የመፈናቀል ልምድ፣ አንድ ሌሊት።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ኡጋንዳ ሕፃናት የአማፂው መሪ የጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ሌሊት መጥተው እንዳያፍኗቸው ማታ ማታ ከየመንደሩ በእግራቸው ጉሉንና ሌሎች ከተሞች እየገቡ በረንዳ ላይ፣ ሆስፒታል ግቢ፣ መናኸሪያ ያድሩ ነበር። በከፋው ጊዜ እስከ 40,000 ይደርሱ ነበር ይባላል። በ2006 የአሜሪካ ወጣቶች ይህን ሰምተው እነሱም በየከተማቸው አንድ ሌሊት ውጭ አደሩላቸው። በ2012 ደግሞ ስለ ኮኒ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ ወጣ፣ ሳምንት ሳይሞላው 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፣ አምባርና ፖስተር ያለበት ካርቶን በ30 ዶላር ተቸበቸበ። ያኔ ኮኒ ኡጋንዳን ለቆ ከወጣ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፣ ግን ማን ጠየቀ? ቪዲዮው እዚያው ሰሜን ኡጋንዳ፣ ሊራ ከተማ፣ ነገሩ በደረሰባቸው ሰዎች ፊት ሲታይ ተመልካቹ ተናዶ ድንጋይ ወረወረ። ውለታ የማያውቅ ሕዝብ! ኮኒ ዛሬም አልተያዘም። አምባር ያጠለቁት ግን ተመርቀዋል።

ወደኛ ሌሊት ልመለስ። አንድ ሱዳናዊ ተማሪ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዟል፣ ከፒዛና ከዲጄ መሀል፣ ሦስት ደቂቃ። ልጁ የዋህ ነው። የዳርፉር ወርቅ ወዴት እንደሚሄድ፣ መሣሪያው በማን በኩል እንደሚገባ መናገር ጀመረ። አስተባባሪዋ ፈገግ ብላ ማይኩን ተቀበለችው። «ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ሕፃናቱ ነው» አለች። ተጨበጨበላት።

ኧረ ተዉ እንጂ! የዳርፉር ከተማ ኤል ፋሸር ከ500 ቀን በላይ ተከባ ሰው የከብት መኖ በላ፣ አምባዝ የሚሉትን የኦቾሎኒ ፋጉሎ። ከከተማዋ አጠገብ ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ዘምዘም ውስጥ ረሃብ መግባቱ የታወጀው በ2024 ነው፣ ከተማዋ የወደቀችው በጥቅምት 2025። በመሀል ከዓመት በላይ አለ። እነዚያን ልጆች የጨረሳቸው ፖለቲካ ነው። ስለሚያስርባቸው ሰው ማውራት ነውር ከሆነ፣ ስለ እነሱ ምኑ ይወራል? የዓይናቸው ትልቅነት?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ሱዳን ውስጥም ተማሪዎች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው የተዘጋባቸው። የአደጋ ምላሽ ክፍል የሚሉትን በየሰፈሩ አቋቁመው ምስርና ፉል በትልልቅ ድስት ቀቅለው ለጎረቤት ያድላሉ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ከእነዚያ ማዕድ ቤቶች አብዛኞቹ ተዘጉ። የፒዛው ገንዘብ ስንት ድስት ይጥድ እንደነበር አላሰላም፣ ድግስ ማበላሸት አልወድም። ደግሞስ እነሱ ምን ልምድ አላቸው? ሌሊት እንኳ አይተኙም።

እኛ ሐበሾችማ ይሄ ነገር ሊገባን ይገባ ነበር። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ተከዜን የተሻገረውን ሕዝብ ሐምዳይት ላይ የሱዳን ገበሬ ከራሱ ድስት ቆርሶ አበላው። አንድም ቲሸርት አላሳተመም።

ለማንኛውም የእኛም ማኅበር አልተኛም፣ ማለቴ ሊተኛ ነው። «ሐበሻ ለሱዳን ሕፃናት» የሚባል ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ ዘፋኝም ተነጋግረናል። ቀኑ ዓርብ ላይ ዋለና ትንሽ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ዓርብ ከሆነ ክትፎ የለም። ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል።