የጃፓን ፖለቲከኞችና ጋዜጦች፦ ያልተሳበው ገመድ

በጁን 2019 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን አንድ ስሌት ይፋ አደረገ። ባል ከ65፣ ሚስት ከ60 ዓመት በላይ ሆነው በጡረታ አበል የሚተዳደሩ ጥንዶች በየወሩ በአማካይ ወደ 50 ሺህ የን ይጎድላቸዋል፤ 30 ዓመት ቢኖሩ ጉድለቱ እስከ 20 ሚሊዮን የን ሊደርስ ስለሚችል ከወዲሁ መቆጠብ ይበጃል የሚል ነበር። ስሌቱ የተመሠረተው መንግሥት ራሱ በሚሰበስበው የቤተሰብ ገቢና ወጪ መረጃ ላይ ነው። ይሁንና የገንዘብ ሚኒስትሩና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱንም ደርበው የያዙት ታሮ አሶ፣ ሪፖርቱ ከመንግሥት አቋም ጋር እንደማይጣጣም ገልጸው በይፋ አልቀበለውም አሉ። የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ በሚቀጥለው ወር ነበር። ሚኒስትሩ ያልተቀበሉትን ቁጥር ግን አገሩ በሙሉ ሰምቶታል፤ የአበሉ ሒሳብ በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ ተረጋግቶ የሚያስረዳ ሳይገኝ የሚኒስትሩ እምቢታ የዜናው ዋና ርዕስ ሆኖ ሰነበተ።

የጃፓን ኢኮኖሚ ሠላሳ ዓመት የተኛው በወሬ ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። ለሥራ የደረሰው ሕዝብ ቁጥር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እያሽቆለቆለ ነው፤ ደመወዝም ለረጅም ዘመን ከነበረበት ፈቅ አላለም። ነገር ግን ፖለቲከኞቹና ዋና ዋናዎቹ መገናኛ ብዙኃን ማስጠንቀቅ ሲገባቸው አባብለዋል፣ ማረጋጋት ሲገባቸው ደግሞ አስደንግጠዋል፤ ይህም ሕዝቡ የሁለቱንም ቃል በጥርጣሬ እንዲሰማ አድርጎታል።

ማባበሉ ቀድሞ መጣ። በ1989 መጨረሻ 38,915 ነጥብ የደረሰው የኒኬይ የአክሲዮን መለኪያ ተንኮታኩቶ የመሬት ዋጋም ሲከተለው ባንኮቹ መሬት አስይዘው ያበደሩት ገንዘብ ተበላሸ። በኦገስት 1992 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪኢቺ ሚያዛዋ ባንኮቹን በሕዝብ ገንዘብ መደገፍ ሊያስፈልግ እንደሚችል ጠቆም ቢያደርጉም የገንዘብ ሚኒስቴሩም፣ የንግዱ ዓለም መሪዎችም፣ ባንኮቹም አልወደዱትምና ሐሳቡ ተዳፍኖ ቀረ። የመሬት ዋጋ ተመልሶ ይነሣል የሚለው ተስፋ ለዓመታት ቦታውን ያዘ። የጉዳቱ ልክ በወጉ ያልተነገረው ሕዝብ በ1996 የከሰሩ የቤት ብድር ኩባንያዎችን ለመዝጋት 685 ቢሊዮን የን ከበጀት ሲጠየቅ በቁጣ ነደደ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕዝብ ገንዘብ ደፍሮ የሚናገር ፖለቲከኛ ለማግኘት ጊዜ ወሰደ። በኖቬምበር 1997 ያማይቺ የተባለው የመቶ ዓመት የአክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት ከ260 ቢሊዮን የን በላይ የተደበቀ ኪሳራ ይዞ ወደቀ። ፕሬዚዳንቱ ሾሄይ ኖዛዋ በካሜራ ፊት ቆመው እያለቀሱ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሠራተኞቹ አልበደሉም ሲሉ የታዩት ያን ጊዜ ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የድርጅታቸውን መዘጋት የሰሙት ከዜና ነበር።

ማስደንገጡም የራሱ ታሪክ አለው። በማርች 1927 የገንዘብ ሚኒስትሩ ናኦሃሩ ካታኦካ ገና ያልተዘጋን የቶኪዮ ባንክ ዛሬ ተዘጋ ብለው ፓርላማ ውስጥ ተናገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ገንዘብ አስቀማጩ ወደየባንኩ ጎርፎ አገሪቱ ትልቅ የባንክ ቀውስ ውስጥ ገባች። ከዚህ ትምህርት ተወስዷል እንዳይባል፣ በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ናኦቶ ካን የፍጆታ ታክስን ለማሳደግ የግሪክን ዕጣ እንደ ማስፈራሪያ አነሡና በምርጫው ተቀጡ። በሜይ 2025 ደግሞ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሺገሩ ኢሺባ የአገራችን የበጀት ሁኔታ ከግሪክም የከፋ ነው አሉ። በማግስቱ የወጣው የ20 ዓመት የመንግሥት ቦንድ ጨረታ የገዢ ድርቅ መታው፤ የዓለም የቦንድ ገበያም በዚያ ሰሞን የታመሰ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ መጫን ግን አይገባም። ግሪክ ዕዳዋን የወሰደችው ራሷ ልታትመው በማትችለው ዩሮ ነበር። የጃፓን ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ ከሁለት እጥፍ ቢበልጥም በየን የተወሰደ ነው፤ አብዛኛው በአገር ውስጥ የተያዘ ሲሆን ግማሽ ያህሉም በማዕከላዊ ባንኳ እጅ ይገኛል። ዕዳው የራሱ አደጋ አለው፣ ለምሳሌ ወለድ ሲጨምር በጀቱን ይበላል፤ አደጋው ግን የግሪክ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱንም አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ያጣዋል ብዬ አላምንም።

ጋዜጦቹ ይህን ለምን አጥብቀው አይጠይቁም? አንዱ ምክንያት ‘ኪሻ ክለብ’ የሚባለው የጋዜጠኞች ማኅበር አሠራር ይመስለኛል። የሚኒስቴሩ ዘጋቢ ጠዋት የሚገባው ወደ ጋዜጣው ሕንፃ ሳይሆን ወደ ሚኒስቴሩ ነው፤ ጠረጴዛው እዚያው ነው፣ መግለጫውም እዚያው ይታደለዋል፣ አባል ያልሆነ ጋዜጠኛ ደግሞ በቀላሉ አይገባም። እንዲህ ያለ ዘጋቢ መግለጫውን ሳይሳሳት ያስተላልፋል፤ ነገ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ባለሥልጣን የሚያስቀይም ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ይከብደዋል። በ2011 የኦሊምፐስ ኩባንያ የሒሳብ ማጭበርበር ሲጋለጥ መጀመሪያ የጻፈው ‘ፋክታ’ የተሰኘ አነስተኛ መጽሔት እንጂ ከታላላቆቹ ጋዜጦች አንዱ አልነበረም። እኛ አገር የጃፓን ስም የሚነሣው በካይዘን፣ ማለትም ሥራን ሳያቋርጡ በማሻሻል አሠራር ነው፤ በቶዮታ ፋብሪካ ስሕተት ያየ ተራ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ጠቅላላውን የምርት መሥመር ማስቆም ይችላል እየተባለ ሠልጥነናል። ያ ገመድ እስከ ሚኒስቴሩ የዜና ክፍል አልተዘረጋም።

ጥቅምም አለበት። ታላላቆቹ ጋዜጦች ለዓመታት በርዕሰ አንቀጾቻቸው የፍጆታ ታክስ መጨመርን ደግፈው ጻፉ፤ የበጀት ጉድለትን ማሰብ አስተዋይነት ነውና በዚህ ብቻ አልወቅሳቸውም። ታክሱ በኦክቶበር 2019 ከ8 ወደ 10 በመቶ ሲያድግ ግን ምግብና ከአልኮል ነጻ የሆነ መጠጥ ባሉበት በ8 ሲቀሩ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ታትሞ በደንበኝነት ቤት የሚደርስ ጋዜጣም አብሯቸው በ8 ቀረ። የሕፃናት ዳይፐር 10 ገባ።