ፈገግ ያለው አረንጓዴ ፊት ከከሰል አያድንም

ኧረ ወገን! ክረምት በገባ ቁጥር የሚለጠፈው ፎቶ አንጀት ያሳርራል። ፍም የሞላው ምድጃ ሳሎን መሃል፣ በሩ ጥርቅም፣ መስኮቱ ጥርቅም፣ ከጎኑ ደግሞ መዳፍ የምታክል የአየር ጥራት መለኪያ አረንጓዴ ፊት አውጥታ ፈገግ ብላለች። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፦ «ጭሱን ውጭ ካስጨረሳችሁት ከሰል ምንም አያደርግም፣ ይኸው በመሣሪያ የተረጋገጠ።»

ምንም አልተረጋገጠም! ያቺ ፊት በአብዛኞቹ መለኪያዎች ላይ የምትስቀውና የምትኮሳተረው በፒኤም 2.5፣ ማለትም በጭስና በደቃቅ ብናኝ መጠን ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ይጨሳል፤ ፍም ሲሆን ጭሱ ያልቃል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አያልቅም። እሱ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። አመድ ለብሶ «ጠፍቷል» ተብሎ መኝታ ቤት የሚገባው ረመጥ ደግሞ አየር እያጠረው በዝግታ ስለሚነድ ይህንኑ ጋዝ ሲያወጣ ያድራል። ሰውየው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ሲያቅለሸልሸው «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ይጨምራል። መለኪያዋ አሁንም አረንጓዴ ናት። አልዋሸችም፤ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የጠየቃት የለም፣ ብትጠየቅም መልስ የላትም።

ይህን ስትነግሯቸው «የጣት ኦክስጅን መለኪያ አለን» የሚሉ አሉ። በኮሮና ጊዜ የተገዛችው ማለታቸው ነው። እሷም አታድንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው መለየት ስለማትችል ሰው እየተመረዘ 98 ልታሳይ ትችላለች።

ወደ ሻጮቹ እንምጣ፤ የብሶቱ ምንጭ እዚያ ነው። «9 በ1»፣ «12 በ1» እያሉ የሚሸጡት ሁሉ ውስጡ ዘጠኝና ዐሥራ ሁለት ሴንሰር ያለው ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። አንዱ በጨረር ብናኝ የሚቆጥር፣ አንዱ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ፣ ሌላው ለሽታ ጋዞች ምላሽ የሚሰጥ ርካሽ የብረት ኦክሳይድ ሴንሰር። ከዚያ ከመጨረሻው በስሌት «ሲኦቱ» (ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከትንፋሻችን የሚወጣው ጋዝ) ይወጣል፣ «ፎርማልዴሃይድ» ይወጣል፣ ሌላም ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በትክክል የሚለካ ሴንሰር የኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል፣ ዋጋውም ለብቻው ከጠቅላላው ርካሽ መሣሪያ ሊበልጥ ይችላል። የግምቱ ሲኦቱ ግን ሽንኩርት ሲጠበስ ይዘላል፣ ሽቶ ሲረጭ ይዘላል፣ ጠላ ሲጠመቅ ይዘላል።

እውነተኛውን ከግምቱ ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። መሣሪያውን አብርታችሁ የሲኦቱ ቁጥር እስኪረጋ ጠብቁ። ሳኒታይዘር የነካ ጥጥ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ። ትንፋሻችሁን ወደ ሌላ አዙሩ፣ ካልሆነ ፈተናው ይበላሻል። እውነተኛ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ለአልኮል ግድ የለውም፣ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። 400 የነበረው 2,000 ከገባ ግን የገዛችሁት የሽታ መለኪያ ነው። ጥጡን አታስጠጉት፤ አልኮል ሴንሰሩን ለሰዓታት ያደነዝዘዋል።

እውነተኛ ሴንሰር የገዙትም ቢሆኑ አይተርፉም፣ ምክንያቱም መመሪያውን የሚያነብ የለም። እነዚህ ሴንሰሮች በመንገዳቸው ላይ ያሉትን የጋዝ ቅንጣቶች ነው የሚቆጥሩት፣ ፋብሪካ ሲወጡ ደግሞ ለባሕር ጠለል ተስተካክለው ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከፍታ ያልተሞላለት መሣሪያ ቤቱ ውስጥ 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት አንድ ሺሁ) እያለ 760 ገደማ ብሎ ያጽናናችኋል። ማስተካከያው ውስጥ ግቡና «ከፍታ» የሚለውን ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 2,355፣ ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ 2,840፣ ባሕር ዳር ከሆናችሁ 1,800 ሙሉ። እንዲህ ያለ ማስተካከያ ከሌለውና ግፊትም ራሱ የማይለካ ከሆነ ለደጋ አልተሠራም፣ አለቀ።

ሌላው ጉድ ራሱን በራሱ ማረሙ ነው። መሣሪያው በሳምንት ውስጥ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር «ይህ የውጭ አየር ነው» ብሎ 400 ያደርገዋል። ቀን ከሌት በተዘጋ መኝታ ቤት ከተቀመጠ የታፈነውን አየር ንጹሕ ብሎ ይማራል ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ እናንተም አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አትተንፍሱበት። የዛሬው የውጭ አየር ከ420 ፒፒኤም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደዚያ ካልተጠጋ አትመኑት። እግረ መንገዴን፣ 1,000 ሲያልፍ «ተመረዝን» ብሎ መጮህም ልክ አይደለም፤ አየሩ እየተቀየረ አይደለም ማለት እንጂ መርዝ ሆኗል ማለት አይደለም።

ወደ ብናኙ ስንመጣ የእንጀራው ነገር አለ። መለኪያውን ከኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ አስቀምጦ፣ አክምባሎ በተከፈተ ቁጥር 400 ሲል እያየ «እንጀራ መጋገር ሳንባ ይጎዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጨረሩ የእንፋሎት ጠብታንና ጭስን አይለይም፤ የሚያየው የተበተነ ብርሃን ብቻ ነው። መለያው ጊዜ ነው። እንፋሎት ከሆነ አክምባሎው በተከደነ በአንድ ሁለት ደቂቃ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ጭስ ከሆነ አየር ካላገኘ ብዙ አሥር ደቂቃዎች ይንጠለጠላል። በማገዶ የሚጋገርበት ቤት ግን ያ ቁጥር እውነት ነው፣ እንፋሎት ብላችሁ አትሸፋፍኑት። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲያልፍም ብናኙ ውሃ ስቦ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ያጋንናል፤ የክረምት ጠዋት ላይ መስኮት ዳር የሚነበበውን በጥርጣሬ እዩት።

ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ ደግሞ 999 ላይ ይቆማል። እሱ ልኬት አይደለም፣ መሣሪያው የሚቆጥርበት ማለቂያ ነው። ማንም ዕጣን ተዉ አላለም። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ፣ ቡናውን በር ወይም መስኮት አጠገብ ቁሉ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍተቶችን ክፈቱ (አንድ መስኮት ብቻ ከፍቶ «አየር አስገባሁ» ማለት ግማሽ ሥራ ነው)፣ ሲያልቅ ምድጃውን ከነፍሙ ከቤት አውጡ።

መለኪያውን ከወለል 1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አራቅ፣ ከምድጃም ከመስኮትም ሸሸት አድርጉ። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሲውል ራሱ ስለሚሞቅ ሙቀቱን ከፍ፣ እርጥበቱን ዝቅ አድርጎ ያነባል። መስኮት ተከፍቶም፣ ጭስ ሳይኖርም ቁጥሩ አልወርድ ካለ ውስጡ አቧራ ወይም ትንሽ በረሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞቃት ነገር ይወዳሉ። አጥፍታችሁ በአየር መንፊያ ቀስ ብላችሁ ንፉበት፣ እርጥብ ጨርቅ አታስገቡ።

ቀለሙስ? አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት መሣሪያ ላይ ሁለት ቀለም የሚሆነው ለምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። በቻይና በቆየው መመዘኛ ፒኤም 2.5 እስከ 35 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ አረንጓዴ ነው። አሜሪካ በ2024 ባሻሻለችው ግን አረንጓዴ የሚያበቃው 9 ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ 15፣ ለዓመት አማካይ 5 ይላል። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ማይክሮግራሙን አንብቡ፤ እሱንም የአንድ ደቂቃ ዝላይ ሳይሆን የቀኑን አማካይ። ከስልክ መተግበሪያ ጋር እያነጻጸሩ የሚጨቃጨቁም አሉ። የአሜሪካ ኤምባሲዎች የአየር ልኬታቸውን ለሕዝብ ማጋራት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ካቆሙ ወዲህ ስልካችሁ ላይ ለአዲስ አበባ የሚታየው ቁጥር ከሳተላይትና ከስሌት የመጣ ግምት ሊሆን ይችላል።

«መስኮት ክፈቱ» የሚለውም ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። በበጋ ጠዋት ነፋስ ሲጠፋ የመኪናውና የማገዶው ጭስ መሬት ላይ ይተኛል። ኅዳር 12 ደግሞ፣ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ እንደተለመደው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን፣ መስኮት መክፈት ጭሱን መጋበዝ ነው። መለኪያውን መጀመሪያ ደጅ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ አምስት አምስት ደቂቃ አስቀምጡና የትኛው እንደሚብስ እዩ። ለዚህ ሥራ ርካሹም ይበቃል፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ግን ይህ ጨዋታ አይሠራም፣ መስኮቱ ይከፈታል።

ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃ ነው፤ ለእሱ ብቻ የተሠራ፣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ። ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 (EN፣ የአውሮፓ) ወይም ዩኤል 2034 (UL፣ የአሜሪካ) የሚል መመዘኛ ይፈለጋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ሲላችሁ ባለ ፊቷን ትታችሁ ይህን በሉት፤ ከ20 እስከ 40 ዶላር ገደማ ነው። ግን በባትሪ የሚሠራውን! ግድግዳ ላይ የሚሰካው የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት ስለተሠራ በእኛ 220 ይቃጠላል። ባይቃጠልም መብራት ሲጠፋ ይሞታል፣ ከሰል የሚቀጣጠለው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው።

ጋዙ በክብደት ከአየር ጋር እኩል ነው ለማለት ስለሚቻል ጣሪያ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወለል ላይ ይተኛል የሚባለው ተረት ነው። መኝታ ቤት፣ ራስጌ ከፍታ ላይ፣ መጋረጃ በማይሸፍነው ቦታ ይሰቀላል። ፍም ላይ ይዛችሁ «አልጮኸም፣ ፎርጅድ ነው» አትበሉ፤ በዩኤል 2034 መሠረት 70 ፒፒኤም ላይ ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚጮኸው። መሞከሪያው ቁልፍም ድምፁንና ባትሪውን እንጂ ሴንሰሩን አይፈትሽም። ሴንሰሩ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ኖሮ ይሞታል፣ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ያገለገለ የሚሸጥላችሁ ሰው ቀኑን ካላሳየ ተዉት።

ከጮኸ ሰውን ሁሉ ይዞ መውጣት ነው፣ ምድጃውን ለማውጣት መታገል አይደለም። በየደቂቃው አንዴ ብቻ «ጢው» ካለ ግን ባትሪው አልቋል ወይም ዕድሜው አብቅቷል። እና ሰዉ ያኔ ምን ያደርጋል? ባትሪውን አውጥቶ ሪሞት ውስጥ ይከታል።