ማስተካከያ፦ «ኬፕ» ብቻውን የቶርኔዶ ምልክት አይደለም

ስለ ፀደይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ባቀረብነው ማብራሪያ፣ ኬፕ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ CAPE፣ ለነጎድጓድ የሚሆነው የአየር ጉልበት መለኪያ) በኪሎግራም ከ2,500 ጁል ካለፈ ቶርኔዶ (ከነጎድጓድ ደመና እስከ መሬት የሚደርስ ብርቱ አዙሪት ነፋስ) እንደሚጠበቅ ጽፈን ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢን ስላሳሳትን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ኬፕ የሚነግረን ወደ ላይ የሚወጣው አየር የሚያገኘውን ጉልበት ነው። ነጎድጓዱ እንዲሽከረከር ነፋሱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር መለወጥ አለበት። ከመሬት እስከ 6 ኪሎ ሜትር ያለው የነፋስ ልዩነት በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ሲደርስ ሱፐርሴል፣ ማለትም የሚሽከረከር ብርቱ ነጎድጓድ፣ ሊፈጠር ይችላል። ለቶርኔዶ ግን ከሁሉ በላይ የታችኛውን 1 ኪሎ ሜትር እዩ፤ እዚያ ልዩነቱ 10 ሜትር በሰከንድ ካለፈ ያሰጋል።

የደመናውን ግርጌ ያላነሳነውም ጉድለት ነበር። ግርጌውን ለመገመት፣ የሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን (አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መፍጠር የሚጀምርበትን ሙቀት) ልዩነት በ125 ሜትር አባዙ። ሙቀቱ 26፣ የጤዛ ነጥቡ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ግርጌው 750 ሜትር ላይ ነው፤ ይህ ዝቅተኛና አደገኛ ነው። 34 እና 18 ከሆነ 2,000 ሜትር ይደርሳል፤ ያኔ ዝናቡ ሲተን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር አብዛኛውን ጊዜ ሽክርክሪቱን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ኬፕ ከ1,000 በታች ስለሆነም አትዘናጉ። የነፋሱ ልዩነት ብርቱ ከሆነ ቶርኔዶ ሊፈጠር ይችላል። በተቃራኒው ከላይ የተዘረጋው ሞቃት የአየር ክዳን እስከ ማታ ካልተሰበረ፣ ኬፕ 4,000 ቢሆንም ሰማዩ ጠርቶ ሊያመሽ ይችላል።